ሳይክሉ ለልጁ ሲያንሰው፦ ቀጣዩን ፊትም ኋላም ሾክ ያለው ማውንቴን እንዴት እንምረጥ?

"ልጁ 12 ዓመት ሞላው፣ ባለ 24ቱ ሳይክል አነሰው። አሜሪካ ያለችው አክስቱ ስትመጣ ፊትም ኋላም ሾክ ያለው ማውንቴን ላምጣለት ብላለች። ስንት ኢንች ልበላት?"

ባህር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ መስማት አዲስ አይደለም። ከተማችን የሳይክል ከተማ ናት። መንገዱ ሜዳ፣ ዳርና ዳሩ ዘንባባ ነው፤ ልጁ ገና ነፍስ ሳያውቅ ፔዳል መርገጥ ይጀምራል። ማውንቴን የሚባለው ለኮረብታና ለድንጋያማ መንገድ የተሠራው ሳይክል ነው፤ ሾክ ደግሞ ጎማው ድንጋይና ጉድጓድ ሲያገኝ ገባ ወጣ እያለ የሚያቀልለት ዕቃ ነው። ጥያቄው አጭር ነው። ግን "26 ኢንች በያት" ብሎ መመለስ ልጁንም አክስቱንም መበደል ይመስለኛል። ኢንቹ የሚነግረን የጎማውን ትልቅነት ብቻ ነው። ሳይክሉ ለልጁ ይሆናል አይሆንም የሚለውን የሚወስነው ፍሬሙ (ቱቦዎቹ የተገጣጠሙበት አካል) ነው። ሾኩ ይሠራል አይሠራም የሚለውን የሚወስነው ደግሞ የልጁ ኪሎ ነው። ዋናው ነገር ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ ገንዘቡ ግን ትንሽ ስላልሆነ ዝርዝሩን ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ነገር፣ የኋላ ሾክ ያስፈልገዋል ወይ?

ልጁ የሚነዳው ከፔዳ እስከ ፖሊ፣ ከቀበሌ 14 እስከ ሐይቁ ዳር፣ በአስፋልትና በኮብልስቶን ከሆነ አያስፈልገውም። ፊት ለፊት ብቻ ሾክ ያለው ጥሩ ሳይክል ይበቃዋል። የኋላ ሾክ ክብደት ይጨምራል፣ የሚያልቁ ኩሽኔታዎች ይጨምራል፣ ልጁ ቆሞ ሲረግጥ ደግሞ ከጉልበቱ የተወሰነው ሾኩን በማወዛወዝ ይባክናል። በዚያ ላይ በእኩል ዋጋ የሚገኘው ባለ አንድ ሾክ ሳይክል ብዙውን ጊዜ የተሻለ ፍሬን፣ የተሻለ ማርሽና የተሻለ የፊት ሾክ ይዞ ይመጣል።

ግን ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ በድንጋያማው የጎን መንገድ የሚወርድ ልጅ አለ። ዘጌ ቡናው ውስጥ ሥር በሥር በሆነው ጠባብ መንገድ የሚሄድ አለ። ጢስ አባይ አካባቢ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ መንዳት የለመደም አለ። ለእነሱ የኋላ ሾክ ቅንጦት አይደለም። የኋላው ጎማ መሬቱን ሳይለቅ እንዲከተል ያደርጋል፤ ጎማው መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ ፍሬኑ ይይዛል። ሰዎች ሾክ ለምቾት ይመስላቸዋል። ለልጅ ዋናው ጥቅሙ መቆጣጠር መቻሉ ነው። (ዘጌ ስትወስዷቸው ግን መንገዱ የገዳማቱ ምዕመናንና የቡና ለቃሚዎች መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሰው ሲመጣ ወርዶ ማሳለፍ ነው።)

እንግዲህ ልጃችሁ ከእነዚህ ወገን ነው ብለን እንቀጥል።

ልኬቱ

የእህቴን ልጅ በቅርቡ ለክተነው ነበር። ባዶ እግሩን ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፣ ተረከዙ ግድግዳውን ነካ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቹ መሃል አስገባንና የሳይክል መቀመጫ እንደሚጫነው ያህል ወደ ላይ ጠበቅ አድርገን ያዝነው። የመጽሐፉ የላይ ጠርዝ ግድግዳውን የነካበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግን። ከምልክቱ እስከ ወለሉ 67 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ቁመቱ 146 ነው። ኪሎው 36፤ ጫማ፣ ሄልሜትና የውሃ ቦርሳ ሲጨመር ደግሞ 39። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ቁመቱን ብቻ ለክቶ መተው ለምን አይበቃም? ምክንያቱም ልጅ ሁሉም ነገሩ እኩል አያድግም። በጉርምስና ጊዜ መጀመሪያ የሚረዝመው እግር ነው፣ ወገብና ደረት ዘግይተው ይከተላሉ። የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች እግራቸው ብቻ ረዝሞ የምናያቸው ለዚህ ነው። በቁመት ሠንጠረዡ ላይ "ትልቁ ሳይዝ ይሆነዋል" ይላል፤ ልጁ ሲቀመጥበት ግን እግሩ ደርሶ እጁ አይደርስም። የእግሩን ርዝመት መቀመጫውን ከፍ ዝቅ በማድረግ እናስተካክለዋለን። የወገቡንና የክንዱን ግን በፍሬሙ ካልሆነ በሌላ በምንም አናስተካክለውም።

ሴትና ወንድ ልጅም ይለያያሉ። ልጆች ከጉርምስና በፊት በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋሉ። ከዚያ ድንገት የሚመዘዙበት ጊዜ ይመጣል፤ ለሴቶች በአማካይ 12 ዓመት አካባቢ፣ ለወንዶች 14 አካባቢ። በዚያ ጊዜ ሴቶቹ በዓመት 8 ሴንቲ ሜትር፣ ወንዶቹ ከ9 እስከ 10 ሊጨምሩ ይችላሉ። እንግዲህ አስቡት። የ13 ዓመት ሴት ልጅ ትልቁን እድገቷን ምናልባት ጨርሳለች፤ አሁን የሚገዛላት ትንሹ የአዋቂ ሳይዝ ለብዙ ዓመት ሊሆናት ይችላል፣ ስለዚህ ለእሷ ገንዘብ ማውጣት ያዋጣል። የ12 ዓመት ወንድ ልጅ ግን ትልቁ እድገት ገና ከፊቱ ነው። ለእሱ ውድ ሳይክል መግዛት ዛሬ ልኩን ለመግዛት ነው እንጂ ለዘለቄታ አይደለም፤ ይህን አውቃችሁ በጀታችሁን አስተካክሉ።

"ያድግበታል" የሚባለው ነገር

ለዓመት በዓል ጫማ ስንገዛ አንድ ቁጥር ጨምረን ጫፉ ላይ ጥጥ እንደምንወትፈው፣ ሳይክልም ሰፋ አድርጎ መግዛት ቁጠባ ይመስለናል። ሳይክል ላይ ግን የሚወተፍ ጥጥ የለም። ፍሬሙ ሲረዝምበት ልጁ ተንጠራርቶ ነው የሚነዳው። ክንዱ ተዘርግቶ ስለሚያልቅ ሰውነቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ አይችልም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ደህንነቱ ያለው እዚያ እንቅስቃሴ ውስጥ ነው። ሲፈራ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ወደ ኋላ ሲሸሽ የፊቱ ጎማ ክብደት ያጣል፣ ክብደት ያጣ ጎማ ደግሞ አይታጠፍም። ጎበዝ የነበረ ልጅ በትልቅ ሳይክል ላይ ፈሪ ሆኖ አይታችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የአንድ ዓመት እድገት ያህል ቦታ መተው ትክክል ነው። ከዚያ በላይ ግን አይመከርም።

ይህን ቦታ በቁጥር ለመለካት ሪች የሚባለውን ልኬት ማወቅ ያስፈልጋል። ሪች ማለት ልጁ ፔዳሉ ላይ ሲቆም መሪው ከእሱ ምን ያህል ይርቃል ማለት ነው፤ ከፔዳሎቹ ዘንግ መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሚወጣ መስመር እስከ መሪው ቱቦ የላይ ጫፍ መሃል ያለው አግድም ርቀት። ፋብሪካዎች በድረ ገጻቸው ላይ ለእያንዳንዱ ሳይዝ ያስቀምጡታል። ጥሩው ነገር አሁን ያለውን ሳይክል ቤት ውስጥ በሜትር መለካት መቻላችሁ ነው። ሳይክሉን ቀጥ አድርጋችሁ የኋላ ጎማውን ግድግዳ አስነኩት። ከግድግዳው እስከ ፔዳሎቹ ዘንግ መሃል ለኩ፤ 65 ሴንቲ ሜትር መጣ እንበል። ከዚያ ከግድግዳው እስከ መሪው ቱቦ የላይ ጫፍ መሃል ለኩ፤ 100.5 መጣ እንበል። ልዩነቱ 35.5 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 355 ሚሊ ሜትር ሪች ነው። ሜትሩን ወደ መሬት ሳታጋድሉ አግድም መያዝ እንዳትረሱ።

አሮጌው ሳይክል አሁን ጥቂት ጠበብ ያለው ከሆነ፣ አዲሱ ከዚያ ከ20 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ቢጨምር ደህና ነው። ባለ ሁለት ሾክ የልጆች ሳይክሎች ሪቻቸው ብዙውን ጊዜ ለ24 ኢንች ከ350 እስከ 380፣ ለ26 ከ370 እስከ 400፣ ለትንሹ የአዋቂ ባለ 27.5 ከ390 እስከ 420 አካባቢ ነው። ተመልከቱ፣ ቁጥሮቹ ይደራረባሉ። አንዱ ፋብሪካ 26 ያለው ከሌላው 24 ሊያጥር ይችላል። "ስንት ኢንች?" የሚለው ጥያቄ ብቻውን የትም የማያደርሰን ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ልጁ ሳይክሉን በሁለት እግሩ መሃል አድርጎ ሲቆም የላይኛው ቱቦ ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። ከእግሩ ልኬት ቢያንስ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ማነስ አለበት። የእህቴ ልጅ 67 ስለሆነ ከ65 በላይ ያለውን ሁሉ ትተነዋል። ድንጋይ ላይ ድንገት ሲቆም እግሩ ዘና ብሎ መሬት ካልደረሰ ይወድቃል፤ ይህ ድርድር የለውም።

ለአክስቱ የሚላከው መልእክት እንግዲህ ኢንች ሳይሆን፣ የእህቴን ልጅ ቁጥሮችና የ355ቱን ሪች ለምሳሌ ብንወስድ፣ እንዲህ ይሁን፦ ቁመት 146፣ የእግር ልኬት 67፣ ክብደት 36 ኪሎ፣ ሪች ከ375 እስከ 390፣ የላይኛው ቱቦ ከፍታ ከ65 በታች፣ ሾኮቹ በአየር የሚሞሉ። ይህን የያዘች ሰው የትኛውም ሱቅ ብትገባ አትታለልም።

ጎማው

ትልቅ ጎማ ጉድጓድና ድንጋይ ላይ ቀለል ብሎ ያልፋል፣ እውነት ነው። ለአጭር ልጅ ግን መሪውን ወደ ላይ ያነሳበታል፣ ለማዞር ይከብደዋል፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ሲል ደግሞ ጎማው ከኋላ ልጁን ራሱን ይነካዋል። ከ150 ሴንቲ ሜትር በታች ላለ ልጅ 29 አልመክርም። 26 ወይም ትንሹ 27.5 ይበቃል። አንዳንድ ፋብሪካዎች 24ም 26ም የሚቀበል ፍሬም ይሠራሉ፤ ልጁ ሲያድግ ቸርኬውን ብቻ ትቀይራላችሁ። ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው።

ስለ መለዋወጫ እናንሳ። 26 ኢንች ጎማ ከተማችን ውስጥ በቀላሉ ይገኛል። 27.5 ግን አስቸጋሪ ሊሆን ስለሚችል ተጨማሪ የውጭ ጎማ አብሮ ቢመጣ መልካም ነው። የ26 የውስጥ ጎማ 27.5 ውስጥ ተለጥጦ ይገባል፤ ለችግር ቀን ይሆናል። ጎማ ስትገዙ በጎኑ ላይ በትንሹ የተጻፈውን ቁጥር እንጂ ትልቁን ኢንች አትመኑ፤ 507 ካለ የ24 ነው፣ 559 የ26፣ 584 የ27.5፣ 622 የ29። ሌላው የአየር መሙያው አፍ ነው። እንደ መኪና ጎማ ወፈር ያለ አፍ ያለው ማንኛውም ጎሚስታ ጋ ይሞላል። ቀጭኑ አፍ ከሆነ ግን ማስተካከያ ክር ያለው ትንሽ ናስ ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ጎሚስታው ሊረዳችሁ አይችልም።

ሾኩ፣ ዋናው ጉዳይ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና።

ሾክ ሁለት ሥራ አለው። ድንጋይ ሲመጣ ይገባል፣ ጉድጓድ ሲመጣ ደግሞ ወጥቶ ጎማውን ወደ ጉድጓዱ ያወርዳል። ሁለተኛውን ለመሥራት ልጁ ሲቀመጥበት ቀድሞ ትንሽ መግባት አለበት፣ አለዚያ የሚወጣበት ቦታ የለውም። ይህ በልጁ ክብደት ብቻ የሚገባው ርዝመት ለኋላው ሾክ ከ25 እስከ 30 በመቶ፣ ለፊቱ ከ15 እስከ 25 በመቶ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን በሱቅ የምናየውን፣ ወፍራም የብረት ሞላ ከኋላ የተገጠመለትን ርካሽ ሳይክል እንመርምር። ሞላው ላይ ብዙ ጊዜ ቁጥር ተጽፎበታል፣ 750 እንበል። ትርጉሙ ሞላውን አንድ ኢንች ለመጫን 750 ፓውንድ ያስፈልጋል ማለት ነው። የ36 ኪሎ ልጅ ሲቀመጥ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ፣ 22 ኪሎ ገደማ፣ ኋላ ያርፋል። ፍሬሙ ይህን ክብደት ሾኩ ላይ ሁለት እጥፍ ተኩል አድርጎ ያሳርፈዋል እንበል፤ 54 ኪሎ፣ ማለትም 119 ፓውንድ ይሆናል። 119ን ለ750 ስናካፍል 0.16 ኢንች፣ ማለትም 4 ሚሊ ሜትር። በቃ! አራት ሚሊ ሜትር ነው የሚገባው። ሾኩ ለዚህ ልጅ የብረት ዘንግ ነው። ልጁ የሾኩን ክብደት ይሸከማል እንጂ ሾኩ ልጁን አይሸከመውም።

"የሞላውን ማጥበቂያ ቀለበት ላላ ሲያደርጉት ይለሰልሳል" የሚል ሻጭ ያጋጥማችኋል። አይለሰልስም። ቀለበቱ ሞላው ከየት እንደሚጀምር ነው የሚለውጠው፣ ጥንካሬውን አይለውጠውም። ለልጁ የሚሆን ሞላ ከተፈለገ ሞላው ራሱ መቀየር አለበት፣ ልጁ 10 ኪሎ ሲጨምር ደግሞ እንደገና።

ለዚህ ነው የሚያድግ ልጅ በአየር የሚሞላ ሾክ ያስፈልገዋል የምለው። ዛሬ ለ36 ኪሎ ትሞላላችሁ፣ ከዓመት በኋላ ለ45፣ ከዚያ ለ52፤ ሾኩ ግን ያው ነው። የሚያስፈልጋችሁ የሾክ መንፊያ ብቻ ነው፣ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ናት፣ ከሳይክሉ ጋር አብራ ትምጣ። ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በኮምፕረሰር እንዳታስሞሉት። አፉ ይገጥማል፣ ግን በሾኩ ውስጥ ያለው ቦታ በጣም ትንሽ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሲነቀልም ምን ያህል እንደቀረ አይታወቅም።

መለኪያው ቀላል ነው። የሾኩ ዘንግ ላይ ላስቲክ ቀለበት አለች። ልጁ ሄልሜቱንና ቦርሳውን አድርጎ ይውጣ፣ አንድ ሰው መሪውን ይያዝለት፣ ፔዳሎቹ ላይ ቆሞ ትንሽ ይወዛወዝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይቀመጥ። ቀለበቷን እስከ ማተሚያው (ዘንጉ የሚገባበት አፍ ላይ እስካለው ላስቲክ) ድረስ ግፏት። ልጁ ሳይዘል በቀስታ ይውረድ። ቀለበቷ ዘንጉ ላይ ወደፊት ሄዳ ትቀራለች። ዘንጉ በሙሉ 45 ሚሊ ሜትር የሚገባ ከሆነ፣ ቀለበቷ 12 ወይም 13 ሚሊ ሜትር ላይ መገኘት አለባት። 7 ላይ ከሆነች አየር ቀንሱ፣ 18 ላይ ከሆነች ጨምሩ። ፊት ለፊትም እንደዚሁ፤ 120 ሚሊ ሜትር ለሚገባ ሾክ 24 አካባቢ ጥሩ ነው።

ከዚያ መመለሻው አለ። ሾኩ ከገባ በኋላ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ የሚቆጣጠር፣ ብዙ ጊዜ ቀይ የሆነ ትንሽ ማዞሪያ ነው። ውስጡ ዘይት በቀዳዳ ያልፋል፣ ማዞሪያው ቀዳዳውን ያጠባል ወይም ያሰፋል። የልጅ ሾክ አየሩ ትንሽ ስለሆነ የሚገፋው ኃይልም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ማዞሪያው ከአዋቂው በላይ መከፈት አለበት። ሙሉ በሙሉ ከፍታችሁትም ሾኩ እየተጎተተ የሚወጣ ከሆነ፣ ለ80 ኪሎ ሰው የተሠራ ነው ማለት ነው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲመጣ እየሰመጠ ይሄዳል። ለልጆች ተብለው የተሠሩ ጥሩ ሳይክሎች ከተራ የአዋቂ ሳይክል የሚለዩት በቀለማቸው ሳይሆን ውስጣቸው ባለው በዚህ ነገር ነው፣ ዋጋቸውም የሚወደደው በአብዛኛው ለዚህ ነው።

ለእኛ አገር የተለየች አንዲት ነገር ልጨምር። ባህር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተገጣጠመ ሳይክል እዚህ ሲደርስ በፊቱ ሾክ እግሮች ውስጥ የታፈነው አየር ከውጭው ይበልጣል፣ ልዩነቱ 3 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ያህል ነው። አዋቂ ላያስተውለው ይችላል፤ ለቀላል ልጅ ግን ሾኩን ያጠነክርበታል። ከሾኩ እግሮች በስተጀርባ ትንሽ መተንፈሻ ቁልፍ ካለ ተጫኑት፣ "ጵስ" ብሎ ይወጣል። ዋናውን አየርም እዚሁ ከደረሰ በኋላ እንደገና ለኩ።

ክብደት፣ ክንድ፣ ፍሬን

የልጅ ጥሩ ባለ ሁለት ሾክ ከ12 እስከ 14 ኪሎ ይመዝናል። ርካሹ የብረት ሳይክል 17 እና ከዚያ በላይ ነው። 17 ኪሎ ለ36 ኪሎ ልጅ የራሱን ግማሽ ያህል ነው፤ ቤዛዊትን ነድቶ መውጣት ሳይሆን ሳይክሉን ገፍቶ መውጣት ይሆናል። ሱቅ ስትሄዱ ሳይክሉን አንሱት፣ ልጁም ያንሳው።

ፔዳሉን የሚይዘውን ክንድ ርዝመት ማንም አያየውም፣ ግን ጉልበት ላይ ጉዳት አለው። ከቁመቱ 10 በመቶ ያህል ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው፤ ለ146 ሴንቲ ሜትር ልጅ ከ145 እስከ 155 ሚሊ ሜትር። የአዋቂ ሳይክል ብዙውን ጊዜ 170 ወይም 175 ይዞ ይመጣል። ቁጥሩ በክንዱ የውስጥ ገጽ፣ ፔዳሉ ከሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ተቀርጿል። ትንሽ የአዋቂ ሳይዝ ከገዛችሁ አጭር ክንድ አብራችሁ እዘዙ።

ፍሬኑ በዘይት የሚሠራ ዲስክ ይሁን፤ ትንሽ እጅ በአንድ ጣቱ ሊያቆመው የሚችለው እሱን ነው። መያዣው ወደ መሪው እንዲቀርብ የሚያደርግ ትንሽ ብሎን አለው፣ በቀጭን አለን ኪ ይዞራል፣ በመጀመሪያው ቀን አስተካክሉለት። አሁን በጣም አጥብቄ የምለው፦ የፍሬን ዘይት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዶት የሚባለው፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚገኘው ነው። ሌላው ማዕድን ዘይት ነው፣ የሳይክል ዕቃ ሠሪው ሺማኖ የሚጠቀመው። ማዕድን ዘይት በሚጠይቅ ፍሬን ውስጥ የመኪና ፍሬን ዘይት ከገባ ጎማ ማተሚያዎቹ ያብጣሉ፣ ፍሬኑም ያበቃለታል። የቱ እንደሆነ ፍሬኑ ላይ ተጽፏል። ማዕድን ዘይት ከሆነ አንድ ትንሽ ጠርሙስ አብሮ ይምጣ።

ያገለገለ ከሆነ

ያገለገለ ጥሩ ሳይክል ከአዲስ ርካሽ ይሻላል፣ በዚህ አልጠራጠርም። ግን ፈትሹ። መቀመጫውን ይዛችሁ የኋላ ጎማው ከመሬት ሊነሳ ሲል በቀስታ ከፍ ዝቅ አድርጉት። ሾኩ ሳይገባ "ቀጭ ቀጭ" የሚል ነገር እጃችሁ ላይ ከተሰማችሁ መገጣጠሚያው ኩሽኔታ አልቋል። ይህ ብቻውን ሳይክሉን አያስጥልም፤ ኩሽኔታዎቹ ላይ ቁጥር አለ፣ ለምሳሌ 6902 ከሆነ 15 በ28 በ7 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኩሽኔታ ሻጭ ጋ በቁጥሩ ይጠየቃል። ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማችኋል። የሾኩን ዘንግ በጥፍራችሁ ዳስሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ወይም ዘይት ካረጠበው ተዉት። ፍሬሙ የተበየደባቸውን ቦታዎች፣ በተለይ መሪው ሥርና ሾኩ የታሰረበትን፣ በጨርቅ ጠርጋችሁ በብርሃን እዩ። ቀለሙ ላይ ፀጉር የሚያህል መስመር ካለ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን በነፃ ቢሰጧችሁም ልጅ አታስቀምጡበት።

ክረምት ላይ ዋልካው ጎማና ፍሬም መሃል ተጠቅጥቆ ይደርቃል። ላቫጆ ወስዳችሁ በግፊት ውሃ አታስመቱት፤ ውሃው የኩሽኔታውን ግራሶ አጥቦ አፈር ያስገባበታል። በባልዲ፣ በብሩሽና በጨርቅ ይታጠብ። ሾኩ ዘንግ ላይ ያለው ጭቃ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ይህን ልጁ ራሱ ይልመደው።

ሲያድግስ? መጀመሪያ መቀመጫው ይነሳል። ቱቦው ላይ "ከዚህ በላይ አታውጣ" የሚል መስመር አለ፣ መስመሩ ከታየ ረዘም ያለ ቱቦ ግዙ። ቀጥሎ መሪውን የሚይዘው አጭር ቁራጭ፣ 35 ሚሊ ሜትር ከነበረ፣ በ50 ሊቀየር ይችላል። ሾኩ በየሦስት ወሩ ከኪሎው ጋር እንደገና ይለካ። ቆሞ ሲነዳ ጉልበቱ መሪውን መንካት ከጀመረ ግን ፍሬሙ አብቅቶለታል። ያኔ ሳይክሉ ለታናሹ ይተላለፋል፤ መሪው ወደ አጭሩ ቁራጭ ይመለስ፣ የፍሬን መያዣው ለትንሹ እጅ ይቅረብ፣ ሾኩም ከታናሹ ኪሎ ጋር እንደገና ይለካ።